ዴስክቶፑ ላይ የቀረው አደራ

ከ2009 እስከ 2012 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ውስጥ አንዲት ጠባብ ኮምፒውተር ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን፣ ኢሜይል መክፈት፣ ዲቪ መሙላት። ዴስክቶፑ ላይ «ደንበኞች» ብዬ የሰየምሁት የኖትፓድ ፋይል ነበረኝ። ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት የመጣ ሰው ሁሉ ስሙ፣ ኢሜይሉና ፓስወርዱ እዚያ ሰፍሯል። የዲቪ ማረጋገጫ ቁጥሮችም ነበሩበት። ስንት ሰው እንደሆነ ቆጥሬ አላውቅም።

በክፋት የጀመርሁት አይደለም። የፓስወርድ ሳጥን የሚያሳየው ነጥብ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ ስንጽፍ ስለምንውል ፓወር ግዕዝ እንደበራ ይቀራል፤ ከነጥቦቹ ሥር የተቀመጠው የላቲን ፊደል ይሁን የእኛው አይታወቅም። ሦስቴ አራቴ እየተሳሳቱ ገበያ የሚጠብቀውን ሰው ከማጉላላት ኖትፓድ ከፍቶ በግልጽ መጻፍ፣ ከዚያ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ይቀል ነበር። መብራት ሳይታሰብ ስለሚጠፋም ሴቭ አደርገዋለሁ። ሴቭ የተደረገውን ማንም መልሶ አያጠፋም።

ፋይሉ ውለታም ውሏል፤ ይህን መካድ አልችልም። ከእስቴ የመጣ አንድ ወጣት ሥራ ካመለከተ ከስድስት ወር በኋላ ለፈተና መጠራቱን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ፓስወርዱን ረስቶታል፤ ስልኩም ጠፍቶበታል። ከእኔ ፋይል አወጣሁለትና ገብቶ አነበበ። እጄን ይዞ ሊስመኝ ሲል አስታውሳለሁ። ያን ቀን በፋይሉ ኮርቼ ነበር።

አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ ያው ፋይል ነው። የኖትፓድ ጽሑፍ ቁልፍ የለውም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያነበዋል፣ ፍላሽ የሰካ ሁሉ ይወስደዋል፤ በዚያ ቤት በቀን ስንት ፍላሽ ይሰካ እንደነበር የሠራበት ያውቀዋል። «ሴቭ አላደርገውም፣ ዘግቼው እወጣለሁ» የሚልም አይተማመን። የዊንዶውስ 11 ኖትፓድ ሳይቀመጥ የተዘጋውን ጽሑፍ ዳግም ሲከፈት መልሶ ያመጣዋል። ኮፒ የተደረገውም ቢሆን፣ የክሊፕቦርድ ታሪክ በርቶ ከሆነ፣ እስከ 25 ድረስ ተደርድሮ ይቆያል። ከሁሉ የከፋው ግን የስልኩ ነገር ነው። ብዙዎቹ የራሳቸው ስልክ አልነበራቸውም፤ ኢሜይሉ የማረጋገጫ ቁጥር ሲጠይቅ የእኔን ስልክ አስገባሁላቸው። እንግዲህ ፓስወርዱን ቢቀይሩ እንኳ መክፈቻው እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

በአገራችን አደራ ከባድ ቃል ነው። አደራ በላ መባልን የማይፈራ የለም። ነገር ግን አደራ የምንለው በሬም ይሁን ብር ሲጠየቅ የሚመለስ ነገር ነው። የተነገረኝን ፓስወርድ እንዴት እመልሰዋለሁ? ባለቤቱ ካልቀየረው በቀር ከእኔ ዘንድ አይወጣም። እኔ አደራ ተቀባይ ነኝ ብዬ ሳስብ የኖርሁት፣ ሊመለስ የማይችል ነገር ተቀብዬ ነው።

ሥራውን ከተውሁ በኋላ ቤቱ ተዘጋ፣ ኮምፒውተሩም ተሸጠ። ፋይሉን አላጠፋሁትም ነበር፤ ትዝም አላለኝ። በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲመለስ ስልኬ ይጮህ ጀመር። «አንተ ጋ አስጽፌው ነበርኮ፣ እስቲ እይልኝ» ይሉኛል። ኮምፒውተሩ የት እንዳለ አላውቅም ለማለት አፌ እንዴት እንደከበደኝ!

ለሚጠይቁኝ ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉት እላለሁ። ነውር የለበትም። የመሬት ደብተሩ በሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ፣ ከደብተሩ ጋር ይቀመጥ። ያንን ለመስረቅ ሌባው የጉናን ብርድ ችሎ ዳገቱን መውጣት፣ ውሻውን ማለፍ፣ ሳጥኑን መስበር አለበት። የእኔን ፋይል ለመውሰድ አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ባለፈው የገበያ ቀን ወረቀት ላስቀዳ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገባሁ። አንዲት እናት ልጃቸው ከአረብ አገር ገንዘብ ልካላቸው ቴሌብር ሊያስከፍቱ መጥተዋል። የቤቱ ሠራተኛ ልጅ ኖትፓድ ከፍቶ «ስድስቱን የምስጢር ቁጥር ይንገሩኝ፣ ልያዝልዎት» ሲላቸው ሰማሁ። መታገሥ አቃተኝ።

«እናቴ፣ ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ» አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ለእናንተ ካልነገርሁ ማን ይጽፍልኛል ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። እኔም ለሦስት ዓመት የኖርሁት በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ልጁን አስፈቅጄ ስልኩን እጃቸው ላይ አደረግሁት። የልጅዎን ስልክ ሲደውሉ ቁጥር ይነካሉ አይደል፣ እንደዚያው ነው፤ እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን ስድስት ቁጥር ይንኩ፣ የትውልድ ዓመት ግን አይሁን አልኋቸው። ከዚያ እኔም ልጁም ፊታችንን ወደ በሩ አዞርን። ከኋላችን የተሰለፈው ሰውም ነገሩ ገብቶት ዞረ። ብዙ ቆዩ። ስልኩ አንዴ ጮኸ፣ ተሳሳቱ መሰለኝ፣ እንደገና ጀመሩ። ማንም አልቸኮለባቸውም።

«ጨረስሁ» አሉ።