ሕይወትን አላስገባም ያለው ኮምፒውተር

ጋዜጠኝነት ተምረን፣ ተመርቀን፣ ጋዜጣ ያጣን ሁለት ሴቶች ነን። ሥራ አይናቅምና ያገኘነው እንጀራ ቃል መልቀም ሆነ። የወላይትኛ ቃላትን ከነአማርኛ ፍቺያቸው ዳታቤዝ ውስጥ እናስገባለን። ከሶዶ ተነስተን ቤሌ የከረምነውም ለዚሁ ነው። ከሁለታችን የአንዳችን አያት እዚያ አሉ፤ እሳቸው ይነግሩናል፣ እኛ እንጽፋለን፣ ቡናው ደግሞ መሐል ላይ አለ።

ቃላቱ በሰላም ሲገቡ ከረሙ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ኮምፒውተሩ አመፀ። ደግመን ሞከርን፣ ቀይ ጽሑፍ። አሁንም ሞከርን፣ አሁንም ቀይ።

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ?»

«ቃሏን እንቢ አለን እማማ።»

«የትኛዋን?»

«ደኡዋ።»

ደኡዋ በወላይትኛ ሕይወት ማለት ነው። እማማ ከት ብለው ሳቁ። «እና ይሄ ዕቃችሁ ሕይወትን አላስገባም አለ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዝን «ይህን መዝግብ» የምንልበት ትእዛዝ (ባለሙያዎቹ ኢንሰርት ይሉታል) ጽሑፍ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው በነጠላ የጥቅስ ምልክት ነው። ሶዶ የሚለውን ለማስገባት 'ሶዶ' ብላችሁ ትሰጡታላችሁ። ወላይትኛ ደግሞ ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ደኡዋ መሐል ላይ ጉሮሮን ቆረጥ የምታደርገዋ ድምፅ በላቲኑ የምትጻፈው በዚያችው ጭረት ነው። ለአይናችሁ እንዲመች በግዕዝ ብንገለብጠው 'ደ'ኡዋ' ይሆናል። ኮምፒውተሩ 'ደ' ላይ ሲደርስ ቃሉ አለቀ ብሎ በሩን ይዘጋል። የቀረችውን ኡዋ እንደ ትእዛዝ ሊያነባት ይሞክራል። እንዲህ የሚባል ትእዛዝ ስለማያውቅ ይጮሃል።

ለአሠሪያችን ደወልን። «አውጧታ! አንዲት ጭረት ማን ያያታል?» አሉን። አወጣናት። እውነት ለመናገር ደስ ብሎን ነው ያወጣናት፤ ሥራው ዘግይቶብን ነበር።

ማታ ላይ እማማ «እስኪ የጻፋችሁትን አንብቡልኝ» አሉ። ያነበበችው የወላይታ ልጅ ያልሆነችው አንዳችን ነበረች። ስክሪኑ ላይ ያየችውን፣ ጭረት የሌላትን ቃል፣ እንዳየቻት አነበበች። እማማ ዝም አሉ። ደግማ አነበበች። «ይቺን አላውቃትም» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ያፈርነው። እማማ ማንበብ የተማሩት በደርግ ዘመን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ወላይትኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ነው። በግዕዙ «ኡ» ራሷ ድምፁን ትሸከማለች፣ ጭረት አያሻትም። በላቲኑ ግን ጭረቷ ጌጥ ሳትሆን ፊደል ናት። እኛ ያወጣነው ፊደል ነው።

ወላይታ ላይ ደግሞ በቃል ቀልድ የለም። በ1992 ዓ.ም. ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አንድ ላይ የቀየጠው «ወጋጎዳ» በመማሪያ መጻሕፍት ሲመጣ ሕዝቡ አልቀበልም ብሎ ወጣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ቀሩ፣ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የእኛ ጭረት ከዚያ ጋር አትወዳደርም። ግን «ለአሠራር እንዲመች ቋንቋችሁን ትንሽ እንንካው» የሚለው ሐሳብ ያው ነው።

በማግስቱ መፍትሔ ፍለጋ ገባን። መጀመሪያ የተጠማዘዘችውን፣ ቆንጆዋን የጥቅስ ምልክት ተካን። ገባች! ግን ቃሏን በኪቦርዷ ጭረት ስንፈልጋት «የለችም» አለን። ለማሽኑ ሁለቱ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ቀጥሎ ጭረቷን ሁለት ጊዜ መጻፍ ሞከርን፦ 'ደ''ኡዋ'። ይህ ይሠራል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንደ አንዲት ጭረት ቆጥሮ ያስቀምጣል። ግን በእጅ ነውና አንድ ቀን መርሳት አይቀርም።

ትክክለኛው መንገድ ሌላ ነው፤ ትእዛዙንና ቃሉን ለየብቻ መላክ። ትእዛዙ ውስጥ ቃሉ በሚገባበት ቦታ ባዶ ወንበር ይተዋል (ብዙ ጊዜ በጥያቄ ምልክት)፣ ቃሉ ከኋላ ለብቻው መጥቶ ይቀመጣል። ያኔ ጭረት ይኑረው አይኑረው፣ ቃሉ ቃል ብቻ ነው፤ ትእዛዝ ሊሆን አይችልም። ይህ ለሌባም መድኃኒት ነው። ጥቅሱ ቀድሞ ሲዘጋ የቀረው እንደ ትእዛዝ የሚነበብ ከሆነ፣ ስሙን ጻፍ የተባለ ክፉ ሰው ከስሙ ቀጥሎ «ሁሉንም ሰርዝ» ቢልስ? «ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን» የሚባለው ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ፍራክ የተባለው የሀከሮች መጽሔት በይፋ ጽፎታል።

ያልጠበቅነው ሁለተኛ ጣጣም መጣ። ደኡዋ በክብር ገብታ ፍቺዋን ስናይ «????» ይላል። ሕይወት፦ አራት የጥያቄ ምልክት! ፈላስፋ ነው ብለን ሳቅን። ግን ዳታቤዙ የተከፈተው ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት በተሰፋ ልክ ነበር። ዩኒኮድ ግዕዝን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያውቀዋል፤ ማይኤስኪውኤል ግን ካልነገሩት እስከ 8.0 እትሙ፣ ማለትም እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ የሚከፍተው በዚያው በአሮጌው ልክ ነበር። አንዴ «?» ሆኖ የተቀመጠ ፊደል ደግሞ ተመልሶ አይገኝም፤ እንደገና መጻፍ ነው።

የፊደሉን ልክ ቀየርን፣ ወንበሩን አዘጋጀን፣ ጭረት ያወጣንባቸውን ቃላት አንድ በአንድ መለስን። ለአሠሪያችን ሥራው በሁለት ቀን እንደሚዘገይ ነገርናቸው። ተቆጡ። ይቆጡ።

ማታ እንደገና አነበብንላቸው። ያችው የወላይታ ልጅ ያልሆነችው አንዳችን ጭረቷ ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋን ቆረጥ አድርጋ «ደ'ኡዋ» አለች።

«ገባች?» አሉ እማማ።

«ገባች።»

«በሉ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ቀጣዩን ጻፉ።»