ጥቅሱ ምልክት ነው እንጂ ፊደል አይደለም



በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ያለን ተማሪዎች የደርስ ቅጂዎችን ከስልክ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር እናዘዋውራለን። ፋይሎቹን የምንሰይማቸው እንደምንናገረው ነው፦ «ተፍሲር ጁዝ ዐማ»፣ «ደርስ አሮጌ»። በቃላቱ መካከል ክፍት ቦታ አለ። ሥራውን በሊኑክስ ስክሪፕት ለማቅለል ስንነሳ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ክፍት ቦታ ነው።

መጀመሪያ የሚታሰበው መፍትሔ ስሙን በጥቅስ ምልክት ከብቦ፣ ከነጥቅሱ ቫሪያብል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ባሽ ግን ስሙን ሦስት ቦታ ይቆርጠዋል። የመጀመሪያው ቁራጭ ፊቱ ላይ፣ የመጨረሻው ጅራቱ ላይ ጥቅስ እንደተለጠፈባቸው ይቀራሉ፤ ትዕዛዙም እንዲህ ያለ ፋይል የለም ይለናል።

ለምን? መድረሳ የተቀመጥን ሰዎች ነገሩን በቀላሉ እንረዳዋለን። በሙስሐፍ ላይ ከመስመሩ ከፍ ብለው የተጻፉ ትንንሽ የወቅፍ ምልክቶች አሉ። ቁም የምትለዋን ትንሿን ሚም «ሚም» ብሎ የሚያነብ የለም፤ አንባቢው ይታዘዛታል እንጂ አይጠራትም። ሼልም በስክሪፕቱ ላይ በቀጥታ የተጻፈን ጥቅስ እንዲሁ ይታዘዘዋል፣ ከዚያ ያነሳዋል። ሥራው ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መስመሩን አንብቦ ጥቅሶቹን ይለያል። ቀጥሎ ቫሪያብሉን በይዘቱ ይተካል። ከዚያም ቫሪያብሉ በጥቅስ ካልተከበበ፣ የተተካውን በክፍት ቦታ፣ በታብና በአዲስ መስመር ይቆራርጣል። ቫሪያብል ውስጥ የነበረ ጥቅስ ብቅ የሚለው ጥቅስ የሚለይበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ተራ ፊደል ሆኖ ይቀራል።

የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን ቃላትን በሁለት ነጥብ ይለዩ ነበር። «ተፍሲር፡ጁዝ፡ዐማ» የተባለ ፋይል በባሽ አይቆረጥም፤ ባሽ ሁለት ነጥባችንን እንደ መለያ አይቆጥረውምና። ነገር ግን ሰው የሚሰጠንን ፋይል ስም እኛ አንመርጥም።

ጉዳቱም ፋይል በማጣት ብቻ አያበቃም። «ደርስ አሮጌ» የሚለውን ስም የያዘ ቫሪያብል፣ ጥቅስ ሳይደረግበት፣ ፎልደርን ከነይዘቱ እንዲያጠፋ ለታዘዘው አርኤም ቢሰጥ፣ አርኤም የሚሰማው ሁለት ስም ነው፦ «ደርስ» እና «አሮጌ»። «ደርስ» የሚባል ዋና ፎልደር ካለ የጀማዓው ቅጂ በሙሉ ይሄዳል፤ ሊጠፋ የተፈለገው «ደርስ አሮጌ» ግን በቦታው ይቀመጣል። አርኤም ያጠፋውን ወደ ቅርጫት አይልክም።

አንዳንዱ በኢቫል ይገላገላል። ኢቫል መስመሩን ለሼሉ እንደገና ስለሚያስነብብ ጥቅሱ ይሠራል። ይሁን እንጂ በፋይሉ ስም ውስጥ የተሸሸገ ትዕዛዝ ካለ እሱም አብሮ ይፈጸማል። ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር ፍላሽ የመጣን ስም ለኢቫል መስጠት በርን ለማያውቁት ሰው ከፍቶ መተው ነው።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። አንድ ስም ከሆነ፣ ቫሪያብሉ ስሙን ብቻ ይያዝ፤ ድርብ ጥቅሱን ቫሪያብሉን በምንጠቀምበት ቦታ ዙሪያ እናድርግ። ብዙ አርጊውመንት ከሆነ፣ አሬይ ውስጥ ለእያንዳንዱ የራሱን ቦታ እንስጠው፤ ስንጠራውም [@] አስከትለን ሁሉንም በድርብ ጥቅስ እንክበበው። አሬይ በሌለው ተራ ሼል "$@" ያገለግላል። ከማጥፋታችን በፊት ደግሞ በአርኤም ቦታ ፕሪንትኤፍን አስገብተን እያንዳንዱን አርጊውመንት በየመስመሩ እናሳትም። የሚጠፋው ምን እንደሆነ በዓይናችን አይተን እንወስን።

ኡስታዝ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ ድምፃቸው የሚቀርልን በእነዚህ ፋይሎች ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ወንድሞችና እህቶችም የሚማሩት ከእነሱ ነው። አማና ከነሙሉነቱ መድረስ አለበት፤ ከተቆራረጠ ደረሰ አይባልም። አላህ በተማርነው የምንጠቅም ያድርገን።