ከዓባይ በረሃ እስከ ደጀን አፋፍ፤ የአንዲት ሯጭ ታሪክና የአንዲት ተማሪ ጥያቄ

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በአውቶቡስ ተጉዘህ ከሆነ ደጀንን አትረሳትም። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስትወርድ ጆሮህ ይደፈናል፤ ሙቀቱም ኮትህን ያስወልቅሃል። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ከአሮጌው ጎን ተሻግረህ ዳገቱን ስትያያዘው ደግሞ፣ መኪናው እያቃሰተ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ያወጣሃል። አፋፉ ላይ ብርዱ ሲቀበልህ ረዳቱ «ደጀን ደርሰናል!» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ የነጭ ጤፍ አገር ነው። መንገደኛው ሻይ ጠጥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ያልፋል እንጂ በደጀን የሚያድር ጥቂት ነው።

እኔ ግን አስተማሪ ሆኜ መጥቼ ቀረሁባት። ጎህ ሲቀድ በመንገዱ ዳር የሚሮጡትን ልጆች ያየሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ከእነርሱ መካከል አንዲቱ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። አንድ ቀን ማታ ከአባቷ ጋር እቤቴ ድረስ መጣች።

«መምህር፣ ይቺ ልጅ ትምህርቱን ትቼ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ሯጭ ልሁን ትለኛለች። እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉኝ አባትየው።

ልጅቱም አንገቷን ደፍታ፣ «ጋሼ፣ ያለምዘርፍ የኋላው በሃያ ሦስት ዓመቷ ለንደን ላይ አሸንፋ የለም ወይ?» አለች።

እኔም የአንድ ሳምንት ጊዜ ለመንኩና የዚህችን ሯጭ ታሪክ ማጥናት ጀመርኩ። በ1991 ዓ.ም. የተወለደች፣ የእኔው እኩያ ናት። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ፖላንድ ውስጥ በተደረገው የዓለም ግማሽ ማራቶን ሦስተኛ ወጣች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሰሜን አየርላንድ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ ስትጨርስ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረች መሰላት። ኋላ ግን መንገዱ እንደገና ቢለካ 54 ሜትር ጎደለ፤ ክብረ ወሰኑም ሳይጸድቅ ቀረ። አንባቢ ሆይ፣ በሌላ ሰው የመለካት ስሕተት ድካምህ ሲሰረዝ አስበው!

እርሷ ግን አልተወችም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ስፔን ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር በ29 ደቂቃ ከ14 ሴኮንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘች፤ በኋላ በ2016 ዓ.ም. የኬንያዋ አግነስ ንጌቲች አሻሻለችው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ሐምቡርግ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ስትፈጽም፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በመጀመሪያ ማራቶኗ እንዲህ የፈጠነች ሴት አልነበረችም። መስከረም 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ለንደን ላይ ደግሞ የመኪና ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አደናቅፎ ጣላት። ወዲያው ተነሥታ አሸነፈች፤ በውድድሩ ታሪክ ከሴቶች አሸናፊዎች ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ሆነች። በ2017 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይም አንደኛ ወጥታለች።

የአንዲት ልጅ ድል የስንቱን ልጅ ልብ እንደሚያነሣሣ ለማየት የቃኘው ጦራችን ወደ ዘመተባት ወደ ኮሪያ መመልከት ይበቃል። በ1990 ዓ.ም. ፓክ ሴ ሪ የምትባል የሃያ ዓመት ወጣት የአሜሪካን የሴቶች ጎልፍ ውድድር ብታሸንፍ፣ የአገሯ ሴት ልጆች የጎልፍ ዱላ አነሡ። ያን አይታ ከጀመሩት አንዲቱ ፓርክ ኢን ቢ በ2000 ዓ.ም. ያንኑ ዋንጫ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወሰደች። ነገር ግን ጎልፍ ሜዳና ዱላ፣ አሠልጣኝና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ሩጫ የሚፈልገው እግርና ዳገት ነው፤ በሩ ለሁሉ ክፍት በመሆኑም የሚገባው ሰው ብዙ፣ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው።

በሳምንቱ ሲመለሱ ያልኩት ይህን ነው። «አዲስ አበባ የምትፈልጊው ስስ አየር ደጀንም አለ። አፋፋችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ነው፤ ሰውነት በዚህ ከፍታ ሲኖር ኦክሲጅን የሚሸከመውን ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። አንድ ጅማት ቢጎዳ ግን ሩጫው ይቆማል። ቢሳካልሽም የምትፈርሚው ውል በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ከሽልማትሽም ለወኪልና ለግብር የሚቀነሰውን የምታሰይው አንቺ ነሽ። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሺና ሂጂ፤ እስከዚያው እዚሁ ሩጪ።»

አባትየው መረቁኝ። ልጅቱ ግን ደስ አላላትም፤ በሯጭ ዕድሜ ሁለት ዓመት ብዙ ነው። አንባቢ ሆይ፣ እኔም ትክክል መሆኔን እርግጠኛ አይደለሁም። አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ትላት ነበር?

በማግስቱ ጠዋት ከዓባይ በረሃ በኩል ወደ አፋፉ ሽቅብ ስትሮጥ አየኋት። በሁለት ሰዓት ደግሞ ደብተሯን ዘርግታ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። በደጀን ማልደህ ስታልፍ በመስኮት ተመልከት፤ ምናልባት ታገኛት ይሆናል።