ሲቆርጥ ሲስተም አለ፣ ሲመልስ ሲስተም የለም

አማርኛችን ባለፉት ሃያ ዓመታት ካፈራቸው አባባሎች መካከል «ሲስተም የለም»ን የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም። ባንክ ቤት ይባላል፣ ክፍለ ከተማ ይባላል፣ ነዳጅ ማደያ ይባላል። ስንሰማው ወረቀታችንን አጥፈን እንወጣለን። «መብራት ሄደ» እንደማለት ነው፤ ወዴት ሄደ፣ መቼ ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔን ግን አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። የሌለው የትኛው ሲስተም ነው? በስልክ አገልግሎት በኩል ካየነው፣ ሒሳብ የሚቆርጠው ሲስተም ሰነፍ አይደለም። ጥቅልህ የሚያበቃባትን ደቂቃ ያውቃታል። የተጠቀምክባትን እያንዳንዷን ሜጋባይት ይቆጥራል። ታዲያ «የለም» የሚባለው የቱ ነው?

እስቲ ጥቂት ወደ ጓዳ እንግባ።

የቴሌኮም ድርጅት ሁለት ጓዳዎች አሉት። አንደኛው የኔትወርኩ ጓዳ ነው፤ በሙያው ቋንቋ «ኦፕሬሽን ሰፖርት ሲስተም» ይሉታል። እያንዳንዱ ታወር ያለበትን ሁኔታ ወደዚያ ይልካል። መብራት ጠፍቶብኛል፣ በባትሪ ላይ ነኝ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ እያለቀ ነው፣ ፋይበሩ ተቆርጧል ይላል። አንድ ፋይበር በመንገድ ቁፋሮ ሲበጠስ በዚያ መስመር ላይ ያሉት ታወሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚጮኹ የአላርም መዓት ይወርዳል። ሶፍትዌሩ ጩኸቱን ሁሉ ለቅሞ የችግሩ ምንጭ የቱ ጋ እንደሆነ ለመለየት ይሞክራል። ከዚያ የጥገና ትዕዛዝ ይከፈታል፣ ቴክኒሻን ይላካል። ይህን ሌት ተቀን ስክሪን ላይ አፍጥጦ የሚከታተል ክፍል አለ።

ሁለተኛው የደንበኛውና የገንዘቡ ጓዳ ነው፤ «ቢዝነስ ሰፖርት ሲስተም» ይባላል። ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣ፣ ምን ጥቅል እንደተገዛ፣ ስንት ብር እንደቀረ የሚታወቀው እዚህ ነው። የደንበኞች አገልግሎት ስትደውሉ ስልኩን የምታነሳው ልጅ ፊት ያለው ስክሪን የዚህኛው ጓዳ ነው።

ችግሩ ያለው በሁለቱ ጓዳዎች መካከል ባለው በር ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት ለሥራ ከአዲስ አበባ ወጥቼ አንዲት ትንሽ ከተማ አደርኩ። ለአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም የቀዳሁት ድምፅ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት መድረስ ነበረበት። ጠዋት ስነሳ የገዛሁት የ24 ሰዓት ጥቅል ገና አላለቀም። ፋይሉ ሩብ ያህል እንደሄደ ቆመ። ለመደወል ያህል ከሩቅ ታወር የሚመጣ የተቆራረጠ ኔትወርክ አለ፤ ኢንተርኔቱ ግን በድን ሆኗል። የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። (የድርጅቱ ስም ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም።) ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት። ጥቅሌ እንዳልተዘጋ፣ ስንት ዳታ እንደቀረኝ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያበቃ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ከዚያ «በእኛ በኩል የሚታይ ችግር የለም፤ እስኪ ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት» አለችኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ምንም የለም።

በረንዳው ላይ ስልኬን ወደ ሰማይ ይዤ ስንጎራደድ ያየኝ የሆቴሉ ዘበኛ ነው ነገሩን የቋጨልኝ። «አትድከም ወንድሜ» አለኝ። «የታወሩ ጄኔሬተር ናፍጣ ጨርሷል። እዚያ የሚጠብቀው ያጎቴ ልጅ ነው፤ መኪናው የሚደርሰው ጠዋት ነው ብሎኛል።»

እንዳለውም ሆነ። ናፍጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ደረሰ። ጥቅሌ ግን ከዚያ ሁለት ሰዓት ቀድሞ፣ በደቂቃዋ፣ ተዘግቷል። ፕሮግራሙ ያለ እኔ ሥራ አለፈ። ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ጋዜጠኛ ያልተላከ ሥራ ያልተከፈለ ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ «ያቀረቡት ችግር ተፈትቷል፤ ስለመረጡን እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ገባልኝ።

ልጅቷ አልዋሸችኝም። ያየችውን ነው የነገረችኝ። የታወሩን ነዳጅ ማለቅ የሚያውቀው ስክሪን ከእሷ ፊት አይደለም። ብዙ ጊዜ በእነዚህ ልጆች ላይ እንጮኻለን፤ እነሱም እንደኛው ጨለማ ውስጥ ናቸው። ልዩነታችን የጆሮ ማዳመጫ ማድረጋቸው ብቻ ነው።

«ታዲያ ድርጅቶቹ ይህን አያውቁም?» ብትሉ፣ ጉዳዩ የሚለኩት ነገር ላይ ነው።

ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አንድ ድርጅት 1,000 ታወሮች አሉት እንበል። በወሩ መጨረሻ «ኔትወርካችን 99.9 በመቶ ሠርቷል» ብሎ ሪፖርት አቀረበ። ይህ ማለት እያንዳንዱ ታወር በወር ውስጥ 43 ደቂቃ ያህል ብቻ ጠፍቶ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ 999ኙ ያለ እንከን ሠርተው አንዱ ወሩን ሙሉ ጠፍቶ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። በወረቀት ላይ ሁለቱም 99.9 ናቸው። በዚያች አንዲት ታወር ሥር ለሚኖረው ሰው ግን ቁጥሩ ዜሮ ነው። አማካይ ውጤት ውጪው አረንጓዴ ውስጡ ቀይ እንደሆነ ሀብሐብ ነው።

የጥሪ ማዕከሉም እንዲሁ ነው። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሰው አግነር ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ እየሠራ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች ብዛት የመጀመሪያውን ጥናቱን አሳተመ። በ1917 ደግሞ ሰው ስንት ጊዜ ወረፋ እንደሚጠብቅ የሚያሰላ ቀመር አወጣ። የጥሪ ማዕከላት ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልጋቸው ዛሬም የሚያሰሉት በዚሁ ቀመር ነው። በዘርፉ የታወቀው ግብ ከ100 ጥሪ 80ውን በ20 ሰከንድ ውስጥ ማንሳት ነው። ኤርላንግ ስልኩ ስንት ሰከንድ ይጠራል የሚለውን መልሷል። ከተነሳ በኋላ ደዋዩ መልስ አገኘ ወይ የሚለውን ግን የእሱ ቀመር አይነግረንም። ብዙ ድርጅት ደግሞ የሚሸለመው በመጀመሪያው ነው።

አሁን ፈጠራ ሲባል የሚታየን አዲስ አፕ ወይም በቴሌግራም መልስ የሚሰጥ ሮቦት ነው። አልጠላም። ነገር ግን ሮቦቱም የተገናኘው ከዚያው ከልጅቷ ስክሪን ጋር ከሆነ ያው «ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት» ነው የሚለን፤ ልዩነቱ በፍጥነትና ሌሊትም ጭምር ማለቱ ነው። እውነተኛው ፈጠራ የሚያብለጨልጭ አይደለም፤ በሁለቱ ጓዳዎች መካከል ያለውን በር መክፈት ነው።

በሩ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ለማየት እንግሊዝን እንውሰድ። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ከድርጅቶቹ ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 2019 ጀምሮ አንድ አሠራር ሥራ ላይ ውሏል። በስምምነቱ የገቡ ድርጅቶች ደንበኛው የቤቱ ኢንተርኔት ወይም ስልክ መበላሸቱን ካሳወቀ በኋላ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልጠገኑት፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ቀን ካሳ ይከፍላሉ። ሲጀመር በቀን 8 ፓውንድ ነበር። ቴክኒሻን በቀጠሮው ቀን ከቀረ ደግሞ 25 ፓውንድ። ዋናው ነገር ገንዘቡ አይደለም፤ ካሳውን መለመን አለመኖሩ ነው። ማመልከቻ የለም፣ «ነገ ተመለስ» የለም። የብልሽቱ መዝገብ ራሱ ለሒሳብ ክፍሉ ይናገራል።

ይህ ለእኛ ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። እኔ የማስበው ተቃራኒውን ነው። ግንቦት 2013 ቴሌብር ከተጀመረ፣ ነሐሴ 2015 ኤምፔሳ ከተከተለ ወዲህ ኔትወርክ የወሬ መስመር ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ኪስ ሆኗል። በዚያው በ2015 የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ብቻ ይሁን ተብሏል። የፋይዳ ማረጋገጫ ቁጥር በስልክ መልእክት ነው የሚመጣው። ኔትወርክ ሲጠፋ ባለ ታክሲው ነዳጅ አይቀዳም፣ ጉሊት ያለችው እናት የሸጠችበትን ብር ገባ አልገባ አታውቅም። በወረቀት ገንዘብ ዘመን «ሲስተም የለም» ማለት ወረፋ ነበር፤ አሁን ያልበላ እራት ሊሆን ይችላል።

ለድርጅቶቹም ፍትሐዊ እንሁን። መብራት ይቆራረጣል፣ ፋይበር በቁፋሮ ይበጠሳል፣ ንብረት ይሰረቃል፣ ጸጥታ በሌለበት አካባቢ ቴክኒሻን መላክ ሰው መማገድ ነው። ማንም ታወር አይጥፋ ብሎ ተአምር አይጠይቅም። ሰው የሚጠይቀው ቁርጡን ነው። ቁርጡን የነገሩት ሰው ሌላ መላ ይፈልጋል፤ ተሳፍሮ ወደ ቀጣዩ ከተማ ይሄዳል፣ ጥሬ ብር ይይዛል፣ ቀጠሮውን ያስተላልፋል። ያልነገሩት ሰው ስልኩን ሲያጠፋና ሲያበራ ያድራል።

ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ጥቂት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስልክ የምታነሳው ልጅ የደዋዩ ታወር ጠፍቶ እንደሆነና መቼ ሊመለስ እንደሚችል ስክሪኗ ላይ ትይ። ሁለተኛ፣ በዕቅድ የሚዘጋ አገልግሎት ካለ ለአካባቢው ደንበኛ ቀድሞ መልእክት ይድረሰው፤ የዕጣና የሎተሪ ማስታወቂያ የሚደርሰን መስመር ለዚህም ይበቃል። ሦስተኛ፣ ታወሩ ጠፍቶ የባከነው ሰዓት በጥቅሉ ላይ በራሱ ይጨመር። ደቂቃ ቆጥሮ መዝጋት የቻለ ማሽን ደቂቃ ቆጥሮ መመለስ አያቅተውም። አራተኛው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ድርሻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲቋቋም ሸማቹን መጠበቅ ከሥራዎቹ አንዱ ተደርጓል። የአገር አማካይ ሳይሆን የየወረዳውን ቁጥር ያሳየን፤ በየወሩ ረጅም ሰዓት የጠፉት ታወሮች የት እንዳሉ ይውጣ።

ከመስከረም 2015 ጀምሮ የሞባይል አገልግሎት ሰጪዎቻችን ሁለት ሆነዋል። እስካሁን ፉክክሩ በዋጋና በስጦታ ጥቅል ላይ ነው። ቀድሞ እውነቱን የሚነግረን ድርጅት ከየትኛውም የስጦታ ጥቅል በላይ ደንበኛ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ። እኛም ከዛሬ ጀምሮ «ሲስተም የለም» ስንባል ወረቀታችንን ከማጠፋችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «የትኛው ሲስተም? እስከ ስንት ሰዓት?»