ድህነት ስንል

ሰሞኑን ለመጽሔታችን የመጡትን ጽሑፎች ተሰብስበን ስናርም፣ አንዱ ጓደኛችን «ሕዝባችን ከድኅነት ይላቀቅ» ብሎ መጻፉን አየንና በሳቅ ፈረስን። በ«ኅ» ሲጻፍ እኮ መዳን ማለት ነው! ሕዝቡ ከመዳን ይላቀቅ? ጸሐፊው ግን አልሳቀም። «ለእናንተ የፊደል ነገር ነው» አለና ወጣ።

እስቲ እንጠያየቅ። ይህን ቃል በየጽሑፋችን እንዘራዋለን፤ ለራሳችን ግን ማን ይለዋል? ብር ያለቀበት ጓደኛችን «እጅ አጥሮኛል» ይላል እንጂ «ድሃ ነኝ» አይልም። ወይም «ዛሬስ አላሰኘኝም» ብሎ ከሻይ ቤቱ በር ይመለሳል። ወላጆቻችንም «ችግር ነው» ብለው ያልፉታል። ድሃ ምንጊዜም ሌላ ሰው ነው።

ግዕዝ ድሃውን «ነዳይ»፣ ድህነቱን «ንዴት» ይለዋል። በአማርኛችን ንዴት ቁጣ ነው። የቃላቱ ሥር ይለያያል፤ አንዱ ከማጣት፣ ሌላው ከመንደድ የመጣ ነው። በአንድ ሰው ፊት ላይ ሲገናኙ ግን በማግስቱ አየን።

ይቅርታ ልንጠይቀው ሄደን ነበር። «እኛ ቤት ድህነት አልነበረም» አለን። «አባቴ ሁለት በሬ ነበራቸው። በማዳበሪያ ዕዳ ሄዱ። እኛ ደኸየን እንጂ ድሃ ሆነን አልተፈጠርንም።»

ዝም አልን። ለካስ «ድህነት» ስንል እንደ ደጋ ብርድ፣ እንደ ቆላ ሙቀት የአገሩ ጠባይ አስመስለነው ኖሯል። «ደኸየ» ሲባል ግን ቀድሞ የነበረ ነገር አለ። «አደኸየ» ሲባል ደግሞ ግሡ ባለቤት ይፈልጋል፤ ማን?

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ ከዚያው ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳይቷል። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ መግዣ አልነበረውም፤ እህሉም መግዣ ወዳለበት ሄደ። ይህን «የወሎ ድህነት» ብለን ብቻ ብንጽፈው፣ ገዢውም ነጋዴውም መንግሥቱም ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣሉ፤ ገበሬው ብቻውን ይቀራል።

የጓደኛችን ጽሑፍ በዚህ እትም አልወጣም። ፊደሉን አርመን ልናወጣው ነበር፤ እሱ ግን «የአባቴን በሬዎች ልጨምርበት» ብሎ መልሶ ወሰደው። እየጠበቅነው ነው።