ልጆቻችሁን «ምን ነበረበት?» ማለት አስተምሯቸው



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቆሻሻ ነው። «ሐኪምና ቆሻሻ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ፤ ጉዳዩ የልጆቻችሁ ሕይወት ነው።

ሕፃናት ስለ መልሶ መጠቀም ሲማሩ የሚያዩት ሥዕል ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ሦስት ባለቀለም በርሜሎች፣ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለፕላስቲክ፣ አንዱ ለብርጭቆ። ሥዕሉ ጥሩ ነው። እኔ በምኖርበት የሸዋ ሮቢት ሰፈር ግን እንዲህ ያሉ በርሜሎች የሉም። ታዲያ መልሶ መጠቀምን አናውቅም ማለት ነው? በፍጹም። የመኪና ጎማ ጫማ ሆኖልን አድገናል። የቲማቲም ጣሳ መለኪያ ይሆናል፣ የዘይት ጀሪካን ውሃ ይቀዳበታል፣ ያረጀ ካልሲ ኳስ፣ ቆርኪና ሽቦ መኪና ይሆናል። ቆራሌውስ? ስሙ ራሱ «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ጥሪው የወጣ ነው። መርካቶ ብትሄዱ ምናለሽ ተራ የሚኖረው ሌላው የጣለውን መልሶ በመሥራት ነው።

ስለዚህ «አትጣሉ፣ ይጠቅማል» የሚለውን ትምህርት ልጆቻችን ከእናታቸው ጓዳ ተምረውታል። የጎደላቸው ሌላ ነው፦ የትኛው ዕቃ ተመልሶ ያገለግላል፣ የትኛውስ ጨርሶ መመለስ የለበትም?

በየቤታችን ያለውን ሃይላንድ እንውሰድ። የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ የባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ያቺ ጠርሙስ ዛሬ ውሃ ትይዛለች፣ ነገ ዘይት፣ ከነገ ወዲያ ነጭ ጋዝ ወይም በረኪና፣ አንዳንዴም ለሽንኩርትና ለማሾ የሚረጭ ኬሚካል። መልኳ ግን አይቀየርም። የአራት ዓመት ልጅ ፊደል አያነብም፤ የሚያነበው ቅርጿን ነው። ለእሱ ሃይላንድ ማለት ውሃ ማለት ነው።

ከማልረሳቸው ታካሚዎቼ አንዱን፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትቼ፣ ልንገራችሁ። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ በአባቱ እቅፍ መጣ። የቆላችንን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሲጫወት ውሎ ጠምቶት፣ ከአልጋ ሥር ያገኘውን ሃይላንድ ጠጥቷል። ውስጡ ተበጥብጦ የተረፈ ፀረ ተባይ ነበር፤ አንዳንዱ ኬሚካል በውሃ ሲበጠበጥ ወተት ይመስላል። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ እንባው ይፈሳል፣ ላብ አጥምቆታል፣ የዓይኑ ብሌን ጠብቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል፣ ትንፋሹ ይንኮራኮራል። አትሮፒን ጀመርንለት፤ ሌሊቱን ከአጠገቡ ሳንለይ አደርን። በሦስተኛው ቀን እናቱን «ራበኝ» አላት።

አባትየው ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «እንዳይነካው ነግሬው ነበር እኮ፤ መድኃኒት ነው ብዬዋለሁ።»

እውነቱን ነው፣ ነግሮታል። ግን ልጁ «መድኃኒት» የሚለውን ቃል ከየት ያውቀዋል? ሲያስለው እናቱ በማንኪያ የምትሰጠው ጣፋጭ ሽሮፕ መድኃኒት ነው። ገበሬው ተባይ የሚገድልበትም መድኃኒት ነው። የሚያድነውንም የሚገድለውንም በአንድ ስም ስንጠራው ልጅ የቱን ይያዝ? ከዚያ ወዲህ ለወላጆች ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ የእርሻ ኬሚካልን በልጅ ፊት «መድኃኒት» አትበሉት፤ «መርዝ» በሉት።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ትምህርት አንዲት ጥያቄ ናት። ልጁ ባዶ ዕቃ ባነሳ ቁጥር፣ ጠርሙስ ባየ ቁጥር፣ ለአዋቂ የሚያቀርባት ጥያቄ፦ «ምን ነበረበት?»

እንዴት እናስተምራቸው? እንደ ዕድሜያቸው ነው።

ከሦስት እስከ አራት ዓመት ላሉት አንድ ሕግ ይበቃል፦ አዋቂ ካልሰጠህ ከጠርሙስ አትጠጣ። ነገር ግን በዚህ ዕድሜ ልጅ ሕጉን ያውቃል ማለት ይጠብቀዋል ማለት አይደለም። መርዙን በራሱ ዕቃ፣ ከነጽሑፉ፣ ከፍ አድርጎ ቆልፎ ማስቀመጥ የእናንተ ሥራ ነው። በምግብና በመጠጥ ዕቃ ውስጥ ኬሚካል፣ በረኪናም ሆነ ነጭ ጋዝ፣ በጭራሽ አይቀመጥ።

ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉት ጨዋታ አድርጉላቸው። ንጹሕ ባዶ ዕቃ ደርድሩና «ምን ነበረበት? የት ይሂድ?» በሏቸው። ሦስቱን ባለቀለም በርሜሎች በራሳችን ቋንቋ እንተካቸው፦ «ለቤት ይመለሳል»፣ «ለቆራሌው ይሰጣል»፣ «አይነካም»። ንጹሕ የዘይት ጀሪካን ለቤት ይመለሳል። የለስላሳና የውሃ ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮና ያረጀ ብረት ለቆራሌው። የኬሚካል ዕቃ፣ መርፌና ስሪንጅ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ስባሪ ጠርሙስ «አይነካም»። እነዚህን ለጨዋታው አታምጧቸው፤ በቃል ወይም በሥዕል ንገሯቸው። ስሪንጅ ውሃ መርጫ፣ ጓንት ፊኛ ሆኖ ሲያጫውታቸው ካያችሁ ውሰዱባቸው። ቆሻሻ ክምር ላይ ወጥቶ መልቀምና ሃይላንድ ፍለጋ መኪና ተከትሎ መሮጥም ክልክል መሆኑን አስረዷቸው። ከመኪና መስኮት ጠርሙስ የምትወረውሩ መንገደኞችም ብትሆኑ፣ ያ ጠርሙስ ልጅ ወደ አስፋልት እንደሚጠራ አስቡ።

ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ኃላፊነት ስጧቸው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢውን ዞረው ውሃ የቋጠረ ዕቃ እንዲደፉ። የሸዋ ሮቢትን ሰው ስለ ወባ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የምናውቃት የወባ ትንኝ በብዛት የምትራባው መሬት ላይ ባቆረ ውሃ ነው። አሁን ግን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች ሌላ ዝርያ አለች። በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው፤ በኋላ በቅርባችን ባቲም ተገኝታለች። እሷ በርሜልን፣ ሮቶን፣ የተጣለ ዕቃን ትወዳለች። በ2013 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ ያስነሳውን ዴንጊን የምታስተላልፈው ትንኝም እንዲሁ በአሮጌ ጎማና በጣሳ ውስጥ ትራባለች። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር በሙቀት ቦታ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ስለዚህ በየሳምንቱ መድፋት መንገዱን ይቆርጥባታል። የዴንጊዋ ትንኝ እንቁላል ዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ በደረቅ ለወራት ስለሚቆይ፣ የውሃ በርሜሉን ፈትጋችሁ እጠቡትና ክደኑት።

«ታዲያ የማይጠቅመውን ብናቃጥለውስ?» ትሉኝ ይሆናል። የፕላስቲክና የጎማ ጭስ መርዛማ ነው፤ በተለይ አስም ያለበትንና ሳንባው ገና ያልጠነከረውን ሕፃን ይጎዳል። ባዶ የኬሚካል ዕቃን ደግሞ ገበሬው ራሱ፣ እጁን ሸፍኖ፣ ሦስት ጊዜ ያለቅልቀው፤ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሮ እዚያው ማሳው ላይ ይርጨው። ከዚያ ዕቃውን በስቶ ዳግም እንዳያገለግል ያድርገው። ሮቢ ወንዝ ውስጥ አይታጠብ፣ ወንዝ ዳርም አይጣል፤ ከታች የሚቀዳ ሰው አለ፣ የሚጠጣ ከብት አለ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጅ ኬሚካል፣ በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ ቢጠጣ፦

• እንዲያስመልስ አታድርጉት። ሲወጣ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል፣ ወደ ሳንባውም ሊገባ ይችላል።
• ወተት፣ ዘይት፣ ሎሚ እያላችሁ ጊዜ አትፍጁ። ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።
• የጠጣበትን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛችሁ ኑ። ሕክምናውን የሚወስነው እሱ ነው።
• ኬሚካሉ ልብሱ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቁለት፤ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት። እጃችሁን በጓንት፣ ካጣችሁም በፌስታል ሸፍኑ።
• ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙትና ይዛችሁት ሩጡ።

በዚህ ሰሞን አንዲት እናት ልጇን ልታስከትብ መጥታ ስሞታ አቀረበችብኝ። «ዶክተር፣ ያስተማርሽኝ ነገር አሳፈረኝ» አለች። ትልቋ ልጇ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ውሃ በሃይላንድ ሲቀርብላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ምን ነበረበት?» ብላለች። ባለቤቷም ደንግጣ ጠርሙሱን አሽትታ አየችው አሉ። እኔም «አይዞሽ፣ ጎረቤትሽም ይልመዱት» አልኳት።

ጤና ይብዛላችሁ። ቤታቸው ልጅ ላላቸው ወዳጆቻችሁ አጋሩልኝ።