ትኩሳቱ ሲመላለስ

ልጁ ያተኩሰዋል። ክሊኒክ ይወሰድና «ታይፎይድ ነው» ይባላል፤ መድኃኒቱን ወስዶ ደህና ይሆናል። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳቱ ይመለሳል። አሁን ደግሞ «ታይፈስም አለበት» ይባላል። ወሩ ጥቅምት፣ ቀዬው ቆላ ከሆነ ወባም መጠርጠሩ አይቀርም። በዚህ መሐል ልጁ መጫወት ትቷል፣ ፊቱ ገርጥቷል። ጎረቤት «ደም አንሶት ነው፤ ቀይ ሥር አብሉት» ይላል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነው የመከረው። እኔን የሚያንገበግበኝ በዚህ ምልልስ የሚባክነው ጊዜ ነው።

እንዲህ ከሚመላለሱት ልጆች አብዛኞቹ የያዛቸው ቀላል ነገር ነው፤ ማንም እንዲደነግጥ አልፈልግም። ጥቂቶቹን የያዛቸው ግን ሉኪሚያ፣ የደም ካንሰር ነው። በልጆች ላይ ከሚከሰቱት የካንሰር ዓይነቶች በዓለም ዙሪያ ዋነኛው እሱ ነው።

ደማችን የሚሠራው አጥንት ውስጥ ባለው መቅኒ ነው። በሉኪሚያ ጊዜ ያልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች ያለ ልክ እየተባዙ መቅኒውን ይሞሉታል፤ ለጤነኞቹ ቦታ አይተርፍም። ቀይ የደም ሴል ሲያንስ ልጁ ይገረጣል፣ ይደክመዋል። ጤነኛ ነጭ የደም ሴል ሲያንስ ኢንፌክሽን ይመላለስበታል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ሲያንስ ይነስረዋል፣ ድዱ ይደማል፣ ሳይመታ ገላው ይበልዛል። መቅኒው ሲጨናነቅ ደግሞ አጥንት ያማል፤ ሌሊት «እግሬን» እያለ የሚያለቅስ ወይም ማነከስ የጀመረ ሕፃን «ሲሮጥ ወድቆ ይሆናል» ተብሎ ብቻ አይታለፍ።

በጠይም ቆዳ ላይ መገርጣትም ሆነ መበለዝ ቶሎ አይታይም። ስለዚህ የታችኛውን የዐይን ቆብ ገለጥ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ፤ ድዱንና መዳፉንም እዩ። እግሩ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ካሉ በጣት ተጫኗቸው። ሲጫኗቸው ካልደበዘዙ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነውና ሳታሳድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት የሚወጣ እብጠት፣ በግራ ጎን ከጎድን በታች የጣፊያ ማበጥም ምልክት ነው። አዋቂ ሰው ጥቂት በልቶ የሚጠግብ፣ ሌሊት በላብ የሚጠመቅና ያለ ምክንያት የሚከሳ ከሆነም ይመርመር። በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩት የሉኪሚያ ዓይነቶች አንዱ እኮ ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢማቲኒብ በሚባል በየቀኑ በሚዋጥ መድኃኒት ለዓመታት የሚቆጣጠሩት ሕመም ሆኗል።

አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። መገጣጠሚያ ለሚያመው ልጅ ምርመራ ሳይደረግለት ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን አትስጡት፤ ከመድኃኒት ቤትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙ። ለጊዜው ያሽለዋል፤ ምክንያቱም እነዚህ መድኃኒቶች የሉኪሚያ ሴሎችንም ስለሚገድሉ ነው። በሽታው ግን ተደብቆ ይቆያል፣ ሲመለስም ሕክምናው ይከብዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ለዚህ ልዩነት ምክንያት ከሆኑት መካከል የመድኃኒት እጥረቱንና ሕክምና ማቋረጡን እናንተና እኔ ብቻችንን አንፈታውም። ዘግይቶ መድረስን ግን መቀነስ እንችላለን። ጥቁር አንበሳን ጨምሮ ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት የሚያክሙ ሆስፒታሎች አገራችን ውስጥ አሉ።

የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ምርመራ በብዙ ጤና ተቋማት የሚገኘው ሲቢሲ፣ ማለትም ሙሉ የደም ቆጠራ ነው። ትኩሳቱ ከሕክምና በኋላ ከተመለሰ፣ ከትኩሳቱም ጋር መገርጣት፣ መድማት ወይም የአጥንት ሕመም ካለ ሐኪሙን «ሲቢሲ ይታዘዝለት፤ ደሙም በማይክሮስኮፕ ይታይልን» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤት እንዲህ የሚመላለስ ልጅ ካለ ነገ ጠዋት ውሰዱት።